ከኢንተርኔት የተገኘ ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ፦ ለመምህራን ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ማታ ስንት ሰዓት ተፈልጎ የተገኘ ቪዲዮ ጠዋት ክፍል ውስጥ አልከፈት ይላል። የተከፈተው ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም፤ የገጠመው ደግሞ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ይበላል። ብዙ መምህራን እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቅደም ተከተሉ ነው። ከመጽሐፉ መጀመር የነበረበት ፍለጋ ከጉግል ይጀመራል፣ ማጣራቱ ይዘለላል፣ ሙከራው ተማሪ ፊት ይደረጋል።

ይህ አካሄድ ለየትኛውም ትምህርት ይሆናል። ነገሩ በተግባር እንዲታይ ግን አንድ ምሳሌ ይዘን እንዘልቃለን፦ 10ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ምዕራፍ 4፣ የኦም ሕግ (ከረንት = ቮልቴጅ ÷ ሬዚስታንስ)።

ከመጀመርዎ በፊት

እነዚህ አጠገብዎ ይኑሩ።

• የተማሪው መጽሐፍና የመምህሩ መምሪያ። ፒዲኤፉን ከቴሌግራም ካወረዱት ማውጫውን ተማሪው እጅ ካለው መጽሐፍ ጋር ያስተያዩ። የድሮው ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ አሁንም በየግሩፑ ይዞራል።

• ስለ መማሪያ ክፍሉ አጭር ማስታወሻ። ፕሮጀክተሩ የሚቀበለው ቪጂኤ ነው ኤችዲኤምአይ? ስፒከር አለ? ሶኬቱ ይሠራል? ፀሐይ ግድግዳው ላይ በስንት ሰዓት ትወጣለች? ይህን በግምት አይሙሉት፤ ሄደው ይዩት።

• ከቫይረስ የጸዳ ፍላሽ። ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አለ። ዋናው ቅጂ ቤት ባለ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ይቀመጥ። ፍላሹ መመላለሻ ብቻ ይሁን።

• ደብተር ወይም ኤክሴል። የፈተሹት ነገር ሁሉ እዚህ ይመዘገባል። ደረጃ 7 ላይ እንደርስበታለን።

ደረጃ 1፦ ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ኢንተርኔቱን ገና አይክፈቱ። ከትምህርት ዕቅድዎ ላይ የዕለቱን ዓላማ ያውጡና ተማሪው ምን ማድረግ እንደሚችል ይጻፉ። በእኛ ምሳሌ፦ «ተማሪው ሬዚስታንሱ ሳይለወጥ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ከረንቱም እጥፍ እንደሚሆን ከልኬት ያሳያል።»

ቀጥሎ ራስዎን ይጠይቁ፦ ከዚህ ውስጥ በጠመኔና በሰሌዳ ማሳየት የሚከብደኝ የቱ ነው? ቀመሩን መጻፍ ቀላል ነው። የሚከብደው ቁጥሩ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ወዲያው ማሳየት ነው። የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነው። ሁሉንም በሰሌዳ ማስረዳት ከቻሉ ፍለጋውን እዚህ ያቁሙ። ጊዜዎን ለሌላ ርዕስ ያቆዩት።

የጊዜ ገደብም ይጻፉ። 40 ደቂቃ ባለው ክፍለ ጊዜ ከኢንተርኔት የመጣው ነገር ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ስም መጥራቱ፣ ማገናኘቱ፣ ተማሪውን ማረጋጋቱ ሌላ ጊዜ ይወስዳሉ።

ደረጃ 2፦ የፍለጋ ቃሉን ያዘጋጁ

ጥሩ ፍለጋ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ርዕሱን፣ የሚፈልጉትን ዓይነት (ሲሙሌሽን ማለትም ቁጥሩን እየቀያየሩ ኮምፒውተር ላይ የሚሞክሩት ማስመሰያ፣ ወርክሺት፣ ዲያግራም፣ ቪዲዮ) እና ደረጃውን። «የኦም ሕግ» ብቻ ብለው ከፈለጉ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸርም የሬዲዮ ጥገናም አብሮ ይመጣል።

1. ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን መጽሐፉ እንደጻፈው በእንግሊዝኛ ይፈልጉ። ሁለትና ሦስት ቃል ያለውን ርዕስ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት፤ ያኔ ቃላቱ ተነጣጥለው አይመጡም።

2. የማይፈልጉት ነገር ከበዛ ከቃሉ ፊት የመቀነስ ምልክት ያድርጉ። በምልክቱና በቃሉ መካከል ክፍተት አይኑር።

3. ፒዲኤፍ ብቻ ከፈለጉ መጨረሻ ላይ «ፋይልታይፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘው ይጻፉ፣ ሁለት ነጥብ ያስከትሉ፣ ያለ ክፍተት «ፒዲኤፍ» ብለው ይጨርሱ (filetype:pdf)። አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ብቻ ለመፈለግም እንደዚሁ ነው፦ «ሳይት»፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የድረ ገጹ አድራሻ።

4. ለታችኛው ክፍል በአማርኛ ሲፈልጉ የፊደሉን አማራጮች ሁሉ ይሞክሩ። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ አለ፣ «ጸሀይ» ብሎም የጻፈ አለ። በአንዱ ያጡትን በሌላው ሊያገኙት ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የክፍል ቁጥርን አይመኑ። አሜሪካዊው ወይም እንግሊዛዊው «10ኛ ክፍል» የሚለው ከእኛ 10ኛ ክፍል ጋር በይዘት ላይገናኝ ይችላል። የሚፈርደው የመጽሐፉ ይዘት ነው።

ደረጃ 3፦ ከታወቁት ምንጮች ይጀምሩ

ጉግል የመጨረሻ አማራጭዎ ይሁን። መጀመሪያ እነዚህን ያዳርሱ።

ለሳይንስና ለሒሳብ ሲሙሌሽን ፌት (PhET) የተባለው ድረ ገጽ ይቅደም። የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነው፤ ነፃ ነው፤ በኤችቲኤምኤል 5 የተሠሩት ሲሙሌሽኖች አንድ በአንድ ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በእኔ እምነት ለአንድ የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። በየሲሙሌሽኑ ገጽ ላይ የትርጉሞች ዝርዝር ስላለ የሚፈልጉት በአማርኛ መኖሩንም እዚያው ያዩታል።

ለቪዲዮና ለመልመጃ ካን አካዳሚ አለ። ለማንበቢያ ሲኬ-12 እና ኦፕንስታክስ በነፃ የሚወርዱ መጻሕፍት አሏቸው። ለታችኛው ክፍል የንባብ ትምህርት አፍሪካን ስቶሪቡክ በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ አጫጭር የሥዕል ታሪኮች ይዟል። ለካርታ፣ ለዲያግራምና ለፎቶ ዊኪሚዲያ ኮመንስን ይጠቀሙ።

ከሦስት በላይ እጩ አይሰብስቡ። ሃያ ሊንክ ያለው ሰው አንዱንም በትክክል አይፈትሽም።

ደረጃ 4፦ ያጣሩ

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚያሳፍረውም ከዚህ የተዘለለው ነው። ማጣራቱን በሁለት ዙር ያድርጉ።

የመጀመሪያው ዙር አጭር ነው። ማን አዘጋጀው? መቼ? ለማየት ምዝገባ ወይም ክፍያ ይጠይቃል? ገጹ ላይ ለተማሪ የማይሆን ማስታወቂያ አለ? ከእነዚህ አንዱ ካላማረዎት ይለፉት፤ ሌላ አይጠፋም።

ሁለተኛው ዙር ዋናው ነው። ማቴሪያሉን እንደ ተማሪ ሆነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሥሩት። መጽሐፉን ከጎን ይክፈቱና አራት ነገር ያስተያዩ፦ ፊደሉን፣ መለኪያውን፣ ምልክቱንና አቅጣጫውን።

የእኛን ምሳሌ እንይ። የፌት «የኦም ሕግ» ሲሙሌሽን ሲከፈት ቮልቴጁ 4.5 ቮልት፣ ሬዚስታንሱ 500 ኦም፣ ከረንቱ 9.0 ሚሊአምፒር ይላል። ተማሪው ደግሞ በመጽሐፉ ቀመር 4.5ን ለ500 አካፍሎ 0.009 ያገኛል። «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ተሳሳተ» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ 0.009 አምፒር ማለት 9 ሚሊአምፒር ነው። ይህን አስቀድመው ካዩት ሲሙሌሽኑን ከመክፈትዎ በፊት ሰሌዳው ላይ «1 አምፒር = 1000 ሚሊአምፒር» ብለው ይጽፋሉ። ካላዩት የክፍለ ጊዜው ግማሽ እሱን በማስረዳት ያልቃል።

ሌላው የፌት ሲሙሌሽን፣ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል የሚገጣጠምበት የሰርኪት መሥሪያው፣ የባሰ ወጥመድ አለው። መነሻው ላይ የሚያሳየው የኤሌክትሮኖችን ጉዞ ነው። ኤሌክትሮን ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል። መጽሐፉ ላይ ያለው የከረንት ቀስት ደግሞ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ነው። ያልተነገረው ተማሪ ተቃራኒ ነገር ተምሮ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከረንት አሳይ የሚለው ሥር ኤሌክትሮን የሚለውን ትተው «ኮንቬንሽናል» የሚለውን ይምረጡ። እዚያው ላይ ሥዕሉን ወደ ሰርኪት ዲያግራም የሚቀይር ቁልፍም አለ፤ መጽሐፉን እንዲመስል ከፈለጉ እሱን ይጫኑ።

እንዲህ ዓይነት ልዩነት በየትምህርቱ አለ። የአሜሪካ ወርክሺት ርቀትን በማይል፣ ሙቀትን በፋራናይት፣ ክብደትን በፓውንድ ይጠይቃል። ሒሳብ ላይ ምሳሌው ሁሉ በዶላርና በሳንቲሞቻቸው ነው፤ ኒክልና ዳይም ስንት እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ ጥያቄው ሳይከብደው ይወድቃል። ቁጥሩን ይቀይሩ፣ ዶላሩን ብር ያድርጉት፣ ወይም ሌላ ይፈልጉ።

ወርክሺት ከሆነ ሁሉንም ጥያቄ ራስዎ ይሥሩ። መልስ አብሮ ቢመጣም ይሥሩት። መልሱ ራሱ የተሳሳተ ወርክሺት ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።

ማስጠንቀቂያ፦ እንደ ቻትጂፒቲ ባሉ መሣሪያዎች ምንጭ ካስፈለጉ እያንዳንዱን ሊንክ ከፍተው ያረጋግጡ። የሌለ መጽሐፍና የሌለ ገጽ ፈጥረው የሚሰጡበት ጊዜ አለ። በኤአይ የተሠራ ዲያግራም ላይ ያለውን ስያሜም አንድ በአንድ ያንብቡ። የሕዋስ ሥዕሉ ውብ ሆኖ «ኑክለስ» የሚለው ቀስት ሌላ ቦታ ላይ ያረፈበት ሊሆን ይችላል። ለሳይንስ ዲያግራም ሰው የሠራውንና የታረመውን ብመርጥ ይሻለኛል።

ሁለተኛውን ዙር ካለፉት ውስጥ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ሌሎቹን «መጠባበቂያ» ብለው ይመዝግቡ።

ደረጃ 5፦ ፈቃዱን ይዩ

ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ሁሉ የማንም ነው ማለት አይደለም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚል ምልክት ካለ አጠገቡ ያሉትን ፊደሎች ያንብቡ።

ቢዋይ ካለ የሠራውን ሰው ወይም ተቋም ስም ይጥቀሱ። ኤስኤ ካለ ቀይረው ሲያሰራጩ በዚያው ፈቃድ ይልቀቁት። ኤንሲ ካለ ለንግድ አይሆንም፤ ሃንድአውት አባዝተው በትርፍ የሚሸጡ ከሆነ ይህን አይንኩ። ኤንዲ ካለ የተቀየረ ቅጂ ማሰራጨት አይቻልም። ወደ አማርኛ መተርጎምም መቀየር ነው፤ ስለዚህ ተርጉመው ሊያድሉት ያሰቡትን ኤንዲ ካለበት አይውሰዱ።

ጉግል ላይ ምስል ሲፈልጉ «ቱልስ» የሚለውን ከፍተው በአጠቃቀም መብት ማጣራት ይችላሉ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ በማጣሪያው ውስጥ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚል ምርጫ አለ። ቪዲዮን በሌላ ሰው አፕ ማውረድ የዩቲዩብን ደንብ ይጥሳል። የካን አካዳሚ ቪዲዮ ከፈለጉ በሚቀጥለው ደረጃ ያለው መንገድ ከዚህ ጣጣ ያወጣዎታል።

ደረጃ 6፦ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ያድርጉት

ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት አለ ብለው ዕቅድ አያውጡ። ኖሮ ከተገኘ እሰየው።

ነጠላ ሲሙሌሽን ከሆነ፦
1. የሲሙሌሽኑን ገጽ ይክፈቱና የማውረጃ ቁልፉን ይጫኑ። ገጹን በብራውዘሩ «ሴቭ» ማድረግ አይበቃም፤ ባዶ ገጽ ሊቀመጥልዎ ይችላል።
2. የወረደውን ፋይል ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።
3. ዋይፋዩንና ዳታውን ያጥፉ።
4. ፋይሉን በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ይክፈቱ። ካልተከፈተ አላወረዱትም ማለት ነው፤ እንደገና ከ1 ይጀምሩ።

ብዙ ማቴሪያል ለትምህርት ቤቱ ማዘጋጀት ከፈለጉ ኮሊብሪን (Kolibri) ይጫኑ። ኮሊብሪ ያለ ኢንተርኔት ለሚማሩ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። በውስጡ የካን አካዳሚ፣ የፌት፣ የሲኬ-12 እና የሌሎች ስብስቦች አሉ።

1. ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑት።
2. ሙሉውን ቻናል አያውርዱ፤ በጣም ከባድ ነው። የሚፈልጉትን ርዕስ ብቻ ምልክት አድርገው ያውርዱ። ከባዱን ነገር በሌሊት ጥቅል ያድርጉት።
3. ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ ራውተር ጋር ያገናኙ። ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ችግር የለም።
4. ኮሊብሪ ውስጥ የመሣሪያ መረጃ የሚለው ክፍል አድራሻ ይሰጥዎታል። የላብ ኮምፒውተሮች ወይም ስልኮች በዚያው ዋይፋይ ገብተው አድራሻውን ብራውዘር ላይ ይጻፉ።

ራውተር ከሌለ የብዙ ስልኮች ሆትስፖት ዳታው ጠፍቶም ይሠራል። አብዛኛው ስልክ የሚያስተናግደው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ተማሪዎቹን በቡድን ይክፈሉ።

ለማጣቀሻ ኪዊክስ (Kiwix) የተባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስከፍታል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከነምስሉ ወደ 100 ጊጋባይት የሚጠጋ ወይም የሚበልጥ ስለሆነ ያለ ምስል የተዘጋጀውን ወይም በትምህርት ዓይነት የተመረጠውን ይውሰዱ።

ደረጃ 7፦ መዝግበው ያስቀምጡ

ቴሌግራም ላይ ለራስ የተላከ ፋይል የተቀመጠ ፋይል አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ ከሰርግ ፎቶና ከማስታወቂያ መካከል ማውጣት አይቻልም።

ፋይሉን በቅደም ተከተል ይሰይሙት፦ ክፍል፣ ትምህርት፣ ምዕራፍ፣ ርዕስ፣ ዓይነት። «10-ፊዚክስ-4-የኦም ሕግ-ሲሙሌሽን» ያለው ሰው ፋይሉን ሳይከፍት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይሙሉ፦ ርዕሱ፣ ከየት እንደመጣ፣ ፈቃዱ፣ የፈተሹበት ቀን፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ እና አንድ የጥንቃቄ ማስታወሻ። የመጨረሻዋ አምድ ከሁሉም ትበልጣለች። «ከረንቱ በሚሊአምፒር ነው፤ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ» የሚል ማስታወሻ ለሚቀጥለው ዓመትም፣ ክፍሉን ለሚረከበው ባልደረባም ይተርፋል። መዝገቡን ከዲፓርትመንትዎ መምህራን ጋር ይጋሩ። አምስት መምህር ምዕራፎቹን ቢካፈል ዓመቱ ይሸፈናል።

ደረጃ 8፦ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ኮምፒውተር ይሞክሩ

ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይሁን። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይዩት፦ ቁጥሩ ይነበባል? ድምፁ ይሰማል? ፀሐዩ ካስቸገረ ክፍለ ጊዜ መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

በአማርኛ የተዘጋጀ ፋይል ካለዎት በተለይ ይጠንቀቁ። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል፣ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ይውሰዱት።

በመጨረሻ ክፍል ውስጥ የሚጠይቁትን ይጻፉ። ስልሳ ተማሪ ዝም ብሎ ግድግዳ ካየ ትምህርት የለም። ቮልቴጁን ከመንካትዎ በፊት «ከ4.5 ወደ 9 ባደርሰው ከረንቱ ስንት ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ተማሪዎቹ መልሳቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ፣ እጅ ያውጡ፣ ከዚያ እርስዎ ያሳዩ፦ 18 ሚሊአምፒር። ቀጥሎ ቮልቴጁን ወደ 4.5 መልሰው ሬዚስታንሱን 1000 ያድርጉት፤ ግን አሁንም መጀመሪያ ተማሪዎቹ ይገምቱ። የተሳሳተ ተማሪ ነው በጣም አተኩሮ የሚያየው።

ችግር ሲያጋጥም

መብራት ጠፋ። የሲሙሌሽኑን ውጤት አስቀድመው በወረቀት ይያዙ። ሬዚስታንሱ 500 ኦም ሆኖ ቮልቴጁ 1.5፣ 3፣ 4.5፣ 6፣ 7.5፣ 9 ሲሆን ከረንቱ 3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 15፣ 18 ሚሊአምፒር ነው። ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና ተማሪዎቹ ግራፉን ይሥሩ። ቀጥ ያለ መስመር ሲወጣ የዕለቱ ዓላማ ተሳክቷል።

ገጹ ፍላሽ ፕሌየር (የድሮ የአኒሜሽን ማጫወቻ ፕሮግራም) ጠየቀ። ይተዉት። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቁሞታል። ጫን የሚልዎት ድረ ገጽ ካለ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል አይጫኑ፤ በኤችቲኤምኤል 5 የተሠራውን ይፈልጉ።

ሊንኩ ሞተ። አድራሻውን ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ባለው ዌይባክ ማሽን ላይ ይለጥፉ። የቀድሞው ገጽ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘ «መጠባበቂያ» ያሉትን ያውጡ።

ስልኮቹ ኮሊብሪን አላገኙም። መጀመሪያ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከሆኑ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ከልክሎ ይሆናል፤ ለኮሊብሪ ፈቃድ ይስጡት።

ተማሪዎቹ የቪዲዮውን እንግሊዝኛ አልያዙትም። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ያውርዱ፣ ጽሑፉን ከሥር ያብሩ፣ በየደቂቃው እያቆሙ በራስዎ አነጋገር ያስረዱ። ያም ካልሆነ ድምፁን ያጥፉትና ምስሉን እያሳዩ እርስዎ ይናገሩ።

ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ ማቴሪያሉ አላለቀም። መዝገቡ ላይ ትክክለኛውን ደቂቃ ያርሙና ለሚቀጥለው ሴክሽን የትኛውን ክፍል እንደሚዘሉ ያን ዕለት ይጻፉ። ለነገ ካሉት ይረሳል።